በካርታው ጀርባ

(በዓለም ካርታ ግራ ጥግ ላይ ባለ የውጭ አገር ከተማ፣ ሀበሾች የሚበዙበት ሰፈር፤ የልብስ ስፌት ቤት። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። ልብስ ሰፊው የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ሊቁ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ልብስ የሚተኩስለትን ሰውዬ ደግሞ «የዋሁ»። የሊቁ አማት ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን እየመጡ ነው። ባለፈው ጊዜ ሲመጡ ሊቁ መናኸሪያ ዝናብ ላይ ገትሯቸው ዋለ። ሚስቱም «አሁንም እናቴ ተቀባይ ካጣች፣ ስትመለስ አብሬያት ነው የምሄደው» ብላ ምላለች። ሊቁ ፈርቷል፤ ሲፈራ ደግሞ የአፉ ጉራ ይብስበታል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓለም ካርታ በልብስ ሜትር እየለካ ነው።)

የዋሁ፦ ኧረ አማትህ መቼ እንደሚደርሱ ደውለህ ጠይቅ! አውሮፕላን ማረፊያው ስልክ የለውም?

ሊቁ፦ የሚጠይቅ ያላወቀ ነው። ጫፉን ያዝልኝ! የተነሱበት ከተማ ቀኝ ጥግ፣ እኛ ግራ ጥግ።

የዋሁ፦ በዚሁ ሜትር አይደል ሱሪዬን የለካኸው?

ሊቁ፦ እና?

የዋሁ፦ ምንም። አንዱ እግር አጥሮ ነበር ለማለት ነው።

ሊቁ፦ እግርህ ነው የረዘመው! አየህ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፤ ዓለምን ሙሉ ማቋረጥ አለባቸው። ዛሬ ቁርስ በልተው ከተሳፈሩ፣ የሚደርሱት ነገ ነው። በቃ፣ ነገ ከረባቴን አስሬ አውሮፕላን ማረፊያው በሩ ላይ እቆማለሁ።

(ስልኩ ይጮሃል። ሊቁ አየት አድርጎ ይደፋዋል።)

የዋሁ፦ አታነሳም እንዴ?

ሊቁ፦ የማላውቀው ቁጥር ነው። የማላውቀው ቁጥር ማለት «ሱሪዬ ደረሰ ወይ?» ማለት ነው።

የዋሁ፦ ደርሷል?

ሊቁ፦ ጨርቁ መች ተቆረጠና! በሩን ለምን የቀረቀርኩ መሰለህ?

የዋሁ፦ እሺ… ግን ለምን በጀርባ በኩል አይመጡም?

ሊቁ፦ በማን ጀርባ?

የዋሁ፦ በካርታው። ጉርድ ቀሚስ ስትሰፋ ሁለቱን ጥግ ከኋላ ታጋጥመው የለ? ያኔ እኮ ጥግና ጥጉ ጎረቤት ናቸው።

ሊቁ፦ (በሳቅ ፍርስ ብሎ) የካርታው ጀርባ ግድግዳ ነው! የግድግዳው ጀርባ ጓሮ ነው! አማቴ በጓሮ ከተፍ ሊሉ? ኧረ ወዲያ! አንተን የካውያው እንፋሎት ጭንቅላትህ ላይ ወጥቶብሃል!

(ስልኩ እንደገና ይጮሃል። ወዲያው በሩ ይንኳኳል።)

የዋሁ፦ ሰው እኮ ነው።

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ሱሪ ነው! ትንፍሽ እንዳትል!

(ማንኳኳቱ ይቆማል። ሊቁ እፎይ ይላል። የጓሮው በር ሲጥ ይልና አማት ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይገባሉ።)

አማት፦ በባለ ታክሲው ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለ፤ ባንኳኳ የሚከፍት የለ! ዞሬ ዞሬ በጓሮ መጣሁ።

የዋሁ፦ አላልኩህም? በጀርባ ቅርብ ነው!

ሊቁ፦ (ሜትሩ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ) እማማ… በእኔ ልኬት እርስዎ እኮ ገና ባሕር ላይ ነዎት!

አማት፦ (ሻንጣቸውን ለየዋሁ እያቀበሉ) እንግዲያው አልመጣሁም፣ አላየኸኝም። ልጄን ይዤ ስመለስ ግን በጀርባ አይደለም፤ አንተ በለካኸው በረጅሙ መንገድ ነው። ቶሎ እንዳትመለስልህ።