ፓይለቷ የልጅ ልጄ ለእንግሊዝኛ ጎረቤት ሄደችብኝ

ወዳጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ሳጥን ላይ አቆመኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

የለስላሳ ሳጥን! ያውም አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ!

ቀስ ብዬ ላውጋችሁ። በአንድ ጣት ስለምጽፍ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የልጅ ልጄ ቤቲ ረዳት ፓይለት ናት። (እዚህ ጋ ላይክ ማድረግ ይቻላል!) እዚሁ ሐይቃችን ዳር ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ፈተና አለባት። የመብረር አይደለም፣ የእንግሊዝኛ! ለካ የፓይለት እንግሊዝኛ በየጊዜው ይፈተናል፤ ደረጃ አራት ካልደረሰ ውጭ አገር መብረር የለም። ቤቲ አንዴ ወድቃለች። ሰኞ ትደግማለች። ዳግም ከወደቀች መሬት ላይ መቅረቷ ነው።

ልትለማመድ እረፍት ወስዳ መጣች። ደስ አለኝ።

ሄዳ የተቀመጠችው ግን ጎረቤታችን መምህር ማርቆስ ጋ!

ሦስት ቀን ሙሉ! እሺ፣ እሱ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። እኔስ? ስንት ዘመን ሐይቁ ላይ ጀልባ ስነዳ ፈረንጅ አላመላለስኩም? "ሂፖ! ፔሊካን! ኖ ስታንድ አፕ!" ማን አስተማረኝ?

ዛሬ ከሰዓት ሳቃቸው በቆርቆሮ አጥሩ አልፎ መጣ። ሳቅ! እኔ ጋ ስትሆን እኮ ስልኳን ነው የምታየው።

ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ማርቆስ እግሩን አነባብሮ፣ ሻይ በእጁ ይዞ፣ "ቬሪ ጉድ፣ ማይ ዶተር" ይላታል።

ማይ ዶተር?! የማን ልጅ?

ሳጥኑ ተንሸራተተ። እኔ ወደዚህ፣ ባርኔጣዬ ወደዚያ!

"ግርሜ!" አለ ማርቆስ ከወዲያ። "ባርኔጣህ ቀድሞህ ገብቷል፤ አንተም በበሩ ና!"

ገባሁ። ምን ላድርግ? አቧራዬን እያራገፍኩ "እኔም ላለማምዳት እችላለሁ" አልኩ።

ቤቲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ከመሬት ሆኖ አውሮፕላን የሚመራው ሰው በሬዲዮ የሚለውን እንግሊዝኛ በእኛው ፊደል ጻፈችልኝ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ቃል በቃል ትመልሳለች። የሥራቸው ደንብ ነው።

አነበብኩ።

"ሴይ አጌን" አለች። ይድገሙት ማለት ነው።

ደገምኩ።

"ሴይ አጌን።"

ማርቆስ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጆሮዬ ጋለ። "ታሾፊብኛለሽ እንዴ?"

"ኧረ አባባ! ሳይሰሙ እሺ ማለት እኮ ነው አውሮፕላን የሚጥለው። እኛ ስንጠይቅ አናፍርም።"

ጉማሬ እንይ ያሉኝን ፈረንጆች "የስ፣ የስ" ብዬ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያ ያወረድኳቸው ትዝ አሉኝ። እሱ ይቅር።

በሦስተኛው ሳነብላት አገኘችው! አንድ ቃል ሳታስቀር መለሰችልኝ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ?

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እስከ ሰኞ ከአባባ ጋር ነው የምለማመደው።"

የማርቆስን ፊት ፎቶ አለማንሳቴ! ባርኔጣዬን እንደ ካፒቴን ደፋሁ።

"ለምን?" አላት። አሁን ተራው የእሱ ነው፣ ይቅና!

"የእርስዎ እንግሊዝኛ ጥርት ያለ ነው፣ ሁሉም ይገባኛል። እኔን የጣለኝ ማዳመጡ ነው፤ የየአገሩ ሰው በየአነጋገሩ፣ በሚንጫጫ ሬዲዮ ሲያወራ። አባባን ከሰማሁ የዓለም ሰው አያቅተኝም!"

ማርቆስ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ።

ይሁን። ከነገ ጀምሮ ልምምዱ በእኔ ግቢ ነው። ማርቆስም ሊሰማ እመጣለሁ ብሏል። በበሩ ይምጣ!

ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ? "ገባዎት አይደል አባባ?" ስትለኝ እኮ እንደ ልማዴ "የስ፣ የስ" ብዬ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

አሁን ተመልሼ ሴይ አጌን ልበላት?