ባዶ ወንበር የማይወዱት አማካሪ

ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ አማካሪ ዘመድ አለው። አማካሪው በዕድሜያቸው አንዲት ክብሪት እንኳ ሸጠው አያውቁም፤ ደንበኛ እንዴት እንደሚሳብ ግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ባይጠሯቸውም ይመጣሉ፣ ሊጠሯቸው ቢያስቡ ደግሞ ቀድመው ደርሰዋል። ሂዱ አይባሉ ነገር፣ ዘመድ ናቸው።

ለፀጉር አስተካካዩ የደረሱት የሚስቱ አጎት ነበሩ። ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ሲሉ ኖረው፣ በስተርጅና «ዛሬውኑ ግቡ» የማለት ፍቅር አደረባቸው።

ፀጉር አስተካካዩ አሥራ አራት ዓመት በሰው ቤት ከሠራ በኋላ ነው አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና አንድ አግዳሚ ያላትን የራሱን ክፍል የከፈተው። ሲሰናበት የቀድሞ አለቃው፣ «ሁለት ወር እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ቦታህን ለማንም አልሰጥም፣ መመለስህ አይቀርም» ብሎ እየሳቀ ሸኘው። ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣም። አሁን ሁለት ወሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቋሚ ደንበኛው ግን አንድ የሒሳብ አስተማሪ ብቻ ነው።

«አጎቴ ነገር ያውቃሉ፣ እስቲ ስማቸው» አለችው ሚስቱ። ሰማቸው። ጉዱ የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው ማስታወቂያው ነው። «ፀጉር ማስተካከያ ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? ፀጉር ማስተካከያ ያላየ ማን አለ? ልጄ፣ ሰው የሚገባው ያላወቀው ቦታ ነው!» አሉ አማካሪው። በማግስቱ በር ላይ በቀይ ቀለም «ምን እንደሆነ ገብተው ይዩ» የሚል ተሰቀለ። አልዋሹም፣ ሰው ገባ። አንዱ ጉንጩን ይዞ ጥርሱን ሊያስነቅል ገባ። አንዲት እናት የጠፋ ቦርሳቸውን ሊጠይቁ ገቡ። ሁለት ፍቅረኛሞች ፎቶ ሊነሡ ገብተው፣ መስታወቱ ፊት ፀጉራቸውን አበጥረው፣ አመስግነው ወጡ። ጥርሱን የታመመውማ መቀሱን ሲያይ የወጣው በሩጫ ነው።

«ገና ነው» አሉ ክቡርነታቸው፣ «ማስታወቂያ ማለት ማሳየት ነው።» እናም ሊያሳዩ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መሐል ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ማጅራት በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ወገኖቼ፣ ይህን ማጅራት እዩልኝ! ይህን የሰው ልጅ ማን ነው እንዲህ የተጫወተበት? እንዲህ ከምትሆኑ እኛ ዘንድ ኑ!» ብለው የሱቁን አድራሻ ተናገሩ። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። «እዚያው ነው የተቆረጥኩት፣ ትናንት» አለ። የሒሳብ አስተማሪው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ማለፍ ሲኖርበት መንገድ ተሻግሮ ነው የሚሄደው።

«አጎትሽን አንድ ነገር በያቸው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ ገብቶ።

«እኔ ምን ልበላቸው? አንተው ንገራቸው።»

ሊነግራቸው ቆርጦ ይሄዳል፤ ሲያያቸው «ደህና አደሩ ጋሼ» ብሎ ይመለሳል።

የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ አማካሪው በጠዋት መጥተው ወንበሩ ላይ ጉብ አሉ። «ባዶ ወንበር ደንበኛ ያባርራል! ቁረጥ!» አሉ። ቆረጠ። ማክሰኞ አሳጠረ። ረቡዕ ራሳቸው እንቁላል መሰለ። ሐሙስ ጺማቸው ሄደ። ዓርብ ከጆሯቸው የወጡትን ሁለት ፀጉሮች ሊያስቆርጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ማንም አልገባም። ጎረቤት ያለችው አትክልት ሻጭ እንዲያውም፣ «እዚያ ቤት የሚገቡት አባት በየቀኑ እየጎደሉ ነው የሚወጡት» ብላ ሰፈሩን አስጠንቅቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ የቀረ ነገር የለም። ይብቃን። ሰኞ ወደ አለቃዬ እመለሳለሁ።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መስታወቱን ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን ወደ ላይኛው ከንፈራቸው አነሡ። እዚያ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የተጠመዘዘ ሪዝ አለ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በየጠዋቱ ያበጥሩላቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መቀስ አስነክተውት አያውቁም።

«ይህስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄንንማ አልነካም!»

«ቁረጥ አልኩህ!»

ፀጉር አስተካካዩ የቀኙን ግማሽ ቆረጠ። የሽማግሌው እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቶ የሚያልፍ እግረኛ የለምና መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ቆመ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ስድስት። በመጨረሻ አንድ የታክሲ ሾፌር በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

«አባት፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምን እሆናለሁ? የልጄ እጅ ለስላሳ ነው! ደስታዬን አልቻልኩትም!» አሉ አማካሪው፣ በእንባቸው መሐል።

ሾፌሩ ማጅራቱን ዳሰሰ። «እንግዲህ ከገባሁ አይቀር...» ከማለቱ አማካሪው ተስፈንጥረው ተነሡና ትከሻውን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። የሾፌሩ አቆራረጥ ደግሞ አማረ። መስኮቱ ላይ የቆሙት ይህን አይተው አንድ በአንድ ገቡ፤ አግዳሚው ሞላ። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ፀጉር አስተካካዩ ቀና አላለም። እንደጨረሰ ለአለቃው ደወለ። «ቦታዬን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለ። ስልኩን ዘግቶ ግማሹን ሪዝ ሊጨርስ ሲዞር፣ ክቡርነታቸው የሉም።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። በቀኝ በኩል ከንፈራቸው ባዶ ነው፤ በግራ በኩል ሪዛቸው እንደተጠመዘዘ አለ። እሑድን ሙሉ በዚሁ መልክ ከተማውን ሲዞሩ ውለዋል፤ አውቶቡሱ ሙሉ ስቆባቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ለካ ይወዳቸዋል።

«ጋሼ! ምነው ሳልጨርስልዎት ዝም ብለው ሄዱ?»

«ሞኝ ነህ እንዴ ልጄ?» አሉ፣ ወደ ወንበሩ እያመሩ። «ዛሬ ሰው ባይመጣስ? ግማሹን አስቀመጥኩልህ።»