ሦስተኛዋ ማንኪያ

(የጥርስ ክሊኒክ፣ ተራ መጠበቂያ ክፍል። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታላቅ ብልቃጥና ማንኪያ ይዟል፤ ታናሽ ያበጠ ጉንጩን ደግፏል።)

ታናሽ፦ በቃኝ አልኩህ ጋሼ! ጠዋት ሁለት ማንኪያ ውጫለሁ።

ታላቅ፦ ጥርስ ለሚነቀል ሰው ሦስት ነው። ክፈት!

ታናሽ፦ ኧረ ሰው እያየን ነው!

ታላቅ፦ ይየና! ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ። ደምን ውሃ ነው የሚያደርገው።

ታናሽ፦ ደም ማቅጠኛውን ኪኒን በየቀኑ እውጥ የለ እንዴ?

ታላቅ፦ እኔስ ኪኒኑንም ይሄንንም አልውጥም? ደም መርጋት እንደሆነ የዘራችን ነው። ሁለቱን ስትደርባቸው ይተጋገዛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ታናሽ፦ አንበሳው ማነው?

ታላቅ፦ በሽታው ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!

ታናሽ፦ ድዴ የሚደማውስ?

ታላቅ፦ ክፉው ደም እየወጣልህ ነው።

ታናሽ፦ ክንዴስ? ገና ሲነኩት ይበልዛል።

ታላቅ፦ እሱ... በእናታችን ወጥተህ ነው፤ ቆዳህ ስስ ነው።

ታናሽ፦ ለሐኪሟ ልንገራት?

ታላቅ፦ እንዳትሞክረው! መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ስትልህ ኪኒኑን ብቻ ጥራ። ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው። ገባህ?

ታናሽ፦ ምግብ ነው። ገባኝ።

(ታናሽ ተጠርቶ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ጥርሱ እንዳለ ይወጣል። ታላቅ አፍንጫውን በሶፍት ይዟል።)

ታላቅ፦ ነቀለችው?

ታናሽ፦ አልነካችውም።

ታላቅ፦ ምን ቀባጥረህ ነው?

ታናሽ፦ ያልከኝን ነዋ! መድኃኒት ስትለኝ ኪኒኑን ጠራሁ። ቀጥላ "ቁርስ በልተሃል?" አለችኝ። ምግብ ነው ብለኸኝ የለ? ከነማንኪያው ዘረዘርኩላት።

ታላቅ፦ ወይ ጉዴ! እና?

ታናሽ፦ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ዛሬ ብነቅልልህ ደምህን ማን ያቆመዋል?" አለችኝ። የድዴ መድማትም የክንዴ መበለዝም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብላለች። ደሜ እስኪመረመር ብልቃጡን እንዳልነካ፣ ኪኒኑን ደግሞ በራሴ እንዳላቆም አስጠንቅቃኛለች።

ታላቅ፦ የትናንት ልጅ! ምን ታውቃለች?

ታናሽ፦ እሱስ። አፍንጫህ ምን ሆኖ ነው?

ታላቅ፦ ምንም። አልቆም አለኝ እንጂ።

ታናሽ፦ ክፉው ደም ነው?

ታላቅ፦ (ደም የነካውን ሶፍት አይቶ) ወንድሜ፣ ፈራሁ።

ታናሽ፦ ወንድሜም እንደኔው ደርቦ ይውጣል ብያታለሁ። "አሁኑኑ አስገባው" ብላ እየጠበቀችህ ነው። ተነስ፣ ግባ። ብቻ አደራህን ጋሼ፣ እሷን ደግሞ ማስተማር እንዳትጀምር!