የጋሽ ካልሲየም ማዘዣ

ቧንቧው የማያንጠባጥብ ፎቅ አይቼ አውቃለሁ። ሊፍቱ የሚሠራ ፎቅም በሕይወቴ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። ሳይጠሩት ከተፍ የሚል የተክል ሐኪም የሌለበት ፎቅ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። አለ የሚል ሰው ካለ አድራሻውን ይላክልኝ፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነገውኑ እገባለሁ።

የኛ ሐኪም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ጋሽ ካልሲየም ናቸው። በውሃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነጩ ጋዋናቸው ግን ወሬው የደረሰው አይመስልም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ለብሰውት ይወርዳሉ። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶና አንድ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ሚስቴም ሆነ ስለ ልጆቼ አንስተው አያውቁም። «የታችኛው ቅጠል እንዴት አደረ?» ነው ሰላምታቸው።

የክቡርነታቸው ትምህርት አጭርና የማይናወጥ ነው። «ውሃችን ባዶ ነው» ይላሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለክቼዋለሁ። ሰው ይታጠብበት ይሆናል፤ ተክል ግን በባዶ ውሃ አይቆምም። ካልሲየም አጥንት ነው፣ ማግኒዥየም ደም ነው።» ከዚህ በኋላ ምርመራው ቀላል ነው። አዲሱ ቅጠል ከተጨማደደ ካልሲየም፣ አሮጌው ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም፣ ድመት ከቀነጠሰው ሁለቱም። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ደጃፍ የተቀመጠ አቧራ የጠጣ አበባ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና «ይሄ ዘግይቷል፣ ቀድማችሁ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር» ብለው አዝነው ሄዱ። አበባው ፕላስቲክ ነበር።

መድኃኒቱን የሚቀምሙት ራሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ ማዕዘኑ ላይ ካለው ኬክ ቤት የእንቁላል ቅርፊት በከረጢት ያመጣሉ፤ አድርቀው ይወቅጡታል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ሲንጨረጨር ቆመው ያያሉ። ካልሲየሙ ይሄ ነው። ማግኒዥየሙን ደግሞ ከፋርማሲ በጨው መልክ ይገዙታል። ያ ጨው ሰዎች ለሆድ ድርቀት የሚወስዱት ነው። ፋርማሲስቷ በወር ሁለት ኪሎ የሚገዙ ሽማግሌ ስታይ እያዘነችላቸው አትክልት እንዲያበዙና በእግራቸው እንዲንቀሳቀሱ ትመክራቸዋለች። እሳቸው ምክሩን በክብር ተቀብለው ይወጣሉ፤ ለማስረዳት ጊዜ የላቸውም፣ በሽተኞች እየጠበቋቸው ነው።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በሦስት አሮጌ ባልዲ ቲማቲም አለኝ። አፈሩን ያዘጋጀሁት ከብስባሽና ከትል ፍግ ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ለመከራከር ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ አፈሬ ኦርጋኒክ ነው። ምንም አይጎድለውም።»

«ኦርጋኒክ ማለት» አሉኝ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ጎድሎበትም ዝም የሚል አፈር ማለት ነው።»

በዚያው ቀን ሁለት ጠርሙስ አስታቅፈውኝ ሄዱ፦ ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ፣ በሳምንት ሁለቴ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እንቢ ማለት የማይሆንልኝ፣ ዞር ሲል ግን የፈለግኩትን የማደርግ ሰው ነኝ። ጠርሙሶቹን ወጥ ቤት ወስጄ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው፣ በዚያኛውም እንደዚያው። ዓመት ሙሉ ደፋሁ። ሚስቴ «በዚህ ከተማ እንደኛ ቤት ቱቦ አጥንቱ የጠነከረ የለም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ቲማቲሞቼ አማሩ። ይህ ነው ጥፋቱ። ጋሽ ካልሲየም ሰው እየሰበሰቡ በረንዳዬን ያስጎበኙ ጀመር። «እዩልኝ ይሄን ግንድ። ይሄ በኔ እጅ ያደገ ነው» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከጎብኚዎቹ አንዷ ግቢው ውስጥ ችግኝ የምታፈላው ሴትዮ ነበረች። ምድር ቤት ትኖራለች። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ ጉልበቷ ደረጃ እንቢ ሲላት ነው ወደ ችግኝ የዞረችው። ከአጥሩ ሥር ጥላ መረብ ወጥራ በትንንሽ ላስቲክ ከረጢት ቲማቲምና ቃሪያ ታፈላለች። አፈሯን ከብስባሽ ነው የምታዘጋጀው፤ ገዝታ የምትጨምረው ነገር የለም። በዚያ ሰሞን አንድ ትምህርት ቤት ለጓሮው ሁለት መቶ አርባ ችግኝ አዟት ነበር። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ዓመቱን በሙሉ ከሷ ሊወስዱ ተስማምተዋል። ካልሆነ መጥረጊያና ባልዲዋን ይዛ ወደ ደረጃው መመለሷ ነው። ይህን ለሁላችንም ነግራናለች፤ ለማልቀስ ሳይሆን ሥራዋ ላይ መሆኗን እንድናውቅላት።

ቲማቲሜን ዞር ዞር ብላ አየችና «በእውነት በጋሼ መድኃኒት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጋሽ ካልሲየም ጎኔ ቆመው ፈገግ ብለዋል። «አዎ» አልኳት። በዚያው ዕለት እሷም ሁለቱን ጠርሙስ ተቀብላ ወረደች።

ከወር በኋላ ችግኞቿ መገርጣት ጀመሩ። የላይኛው ቅጠል ነጣ፣ የታችኛው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ርክክቡ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ጋሽ ካልሲየም በአጉሊ መነጽር አይተው «ርሃቡ ጠንቷል» አሉና መጠኑን እጥፍ አደረጉት። በሳምንቱ ባሰበት። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። እሳቸው ሦስት እጥፍ ሊያደርጉት ጠርሙሳቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ሴትዮዋ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች። ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ባዶ ነው ይሉኛል አይደል?»

«ባዶ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት...»

«ባዶ ውሃ ሳሙና ይበላል እንዴ? ይኸው ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ሳሙና ለሁለት እጥበት አይበቃኝም። አረፋ እንቢ አለኝ። አሥራ አራት ዓመት በሳሙና ነው የኖርኩት፣ ውሃ ሲለወጥ አላጣውም።»

ጋሽ ካልሲየም ጠርሙሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ በቅጽበት ሐኪሙ ጠፍቶ ቴክኒሻኑ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ሠፈራችን ከወንዙ መስመር ወጥቶ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ መዛወሩን መሥሪያ ቤቱ የግቢው በር ላይ ለጥፎ ነበር። ሁላችንም አንብበነዋል። እሳቸው ግን ጡረታ ካወጣቸው ቀን ጀምሮ ያ መሥሪያ ቤት የለጠፈውን ወረቀት ላለማንበብ ምለዋል። ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር እንኳ ከባለ ሱቁ ጋር ተጣልተው ሁለቴ አስለውጠዋል እንጂ ውሃውን አልጠረጠሩም።

«ንጹሕ ጠርሙስ ስጪኝ» አሏት። «ሳሙናም።»

ከሳሙናው በምላጭ ፍቀው ጠርሙሱ ውስጥ ጨመሩ፣ ከቧንቧው እስከ ግማሽ ሞሉት፣ ክዳኑን ዘግተው ናጡት። በሥራ ዘመናቸው ሺህ ጊዜ ያደረጉት መሆኑ ከእጃቸው ያስታውቃል። ውሃው ባዶ ቢሆን ኖሮ አረፋው እስከ ክዳኑ በደረሰ ነበር፤ ይሄ ግን ገና ሳይነሣ ጠፋ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ድፍርስና ቁርጥርጥ ያለ ዝቃጭ ነው።

«ሞልቶ የፈሰሰ ካልሲየም ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ማግኒዥየምም። እኔ በላዩ ላይ ስጨምርበት ነው የከረምኩት። ሲበዛ ሌላውን ምግብ ይዘጋል። አላስራብሻቸውም፤ እኔ ነኝ አንቄ የያዝኳቸው።»

«እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው ጋሼ» አለች ሴትዮዋ። ወደ እጥበቷ ተመለሰች፣ ግን አንዱን ሸሚዝ ብቻ ደጋግማ ታሽ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ካልሲየም ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዋን አልለበሱም፤ በእጃቸው የበሽተኞቻቸው ስም የተጻፈበት ደብተር አለ። ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው በር በበር እያንኳኩ ወርደዋል፤ የኛ አሥራ አንደኛው በር ነው።

«ተሳስቻለሁ» አሉኝ ገና በሩን ስከፍት። «ያዘዝኩልህን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ያንተ እስካሁን መትረፉ ገርሞኛል።»

ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ማጅራቴ ላይ እንዳለ ይታወቀኛል። ስድሳውን ያለፈ ሰው አሥር በር አንኳኩቶ ተሳስቻለሁ ሲል፣ እኔ በአንድ በር ላይ ቆሜ መዋሸት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልሰጠኋቸውም። እቃ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምደፋው።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

ደብተራቸውን ገልጠው ስሜ ፊት አንድ ነገር ጻፉ። «ላቦራቶሪ ውስጥ ይሄ ማነጻጸሪያ ይባላል» አሉ። «ምንም ሳይጨመርበት ለብቻው የሚቀመጥ። ዓመት ሙሉ ማነጻጸሪያ ነበረኝ፣ አንተ ግን ዝም አልክ።» ድምፃቸውን አላነሡም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሷን እኮ ያሳመንኳት ባንተ ቲማቲም ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ካወቅህ ጫማህን አድርግ።»

ሁለት መንገድ አልፎ ያለው መኪና ማጠቢያ ከአሮጌው የወንዝ መስመር አልተነቀለም፤ ይህንም የነገረችን ሴትዮዋ ናት። የዚያን ዕለት ሳሙና ፍቀን ናጥን፤ አረፋው እስከ ክዳኑ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ከሥራ በፊት ጄሪካን ተሸክመናል። የተጠራቀመው ታጥቦ እንዲወጣ እያንዳንዱ ከረጢት ከሥሩ እስኪያንጠባጥብ ድረስ ይጠጣል፣ ነጩ ቅርፊት ተፍቆ ይጣላል፣ በላዩ አዲስ ብስባሽ ይደረጋል። በቀን ስድስት ጄሪካን። ጋሽ ካልሲየም ግማሽ የሞላውን ይዘው በየመብራቱ ምሰሶ ሥር ያርፋሉ፤ ልቀበልዎ ስላቸው «ያንተን ተሸከም» ይሉኛል። ስድስተኛው ቀን ላይ ወገባቸው ያዛቸው። እኔም ሴትዮዋም ይተኙ ብንላቸው በጄ አላሉም፤ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየነኩ አዲስ ቅጠል ያወጣውን በደብተራቸው ያሰፍሩ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችላቸው። ያን ዕለት እያፏጩ ነበር የተመለሱት።

በርክክቡ ቀን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ራሷ መጣች። ደህና ሆነው የተገኙት አንድ መቶ ዘጠና ስድስት ናቸው።

«ሁለት መቶ አርባ ነበር የተባባልነው» አለች።

ሴትዮዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጋሽ ካልሲየም ወደፊት ወጡ። «የጎደሉትን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ያጠፋችው ነገር የለም። ያዳነቻቸውም እሷ ናት፤ እኔ የተማርኩትን ረስቼ እሷ በሳሙና አስታወሰችኝ።» ይህን ያሉት ግማሹ የፎቃችን ነዋሪ በየበረንዳው ቆሞ እየሰማ ነው። እኔም ወጣ ብዬ «እኔም አለሁበት» አልኩ፤ ርዕሰ መምህርቷ ማን እንደሆንኩ ስላላወቀች አልሰማችኝም።

አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ ከከረጢቱ አውጥታ ሥሩን አየች። ነጭና የበዛ ነው። መልሳ አስገባችው፣ እጇን አራገፈች። «እነዚህን ዛሬ እንጫን። የጎደሉትን በወሩ ታደርሺያለሽ፤ የሚቀጥለውንም ዙር ካንቺው ነው የምንወስደው» አለቻት። ሴትዮዋ መቀመጫ ፈልጋ ቁጭ አለች።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ጋሽ ካልሲየም ዞረች። «እርስዎ አዋቂ ይመስላሉ። እኛ ጋ ሲተከሉስ ምን እንጨምርላቸው?»

ሚስቴ በረንዳው ላይ ሆና ግንባሯን ያዘች። ጋሽ ካልሲየም እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ ጋዋን አለመልበሳቸው ትዝ አላቸውና መለሱት።

«የትምህርት ቤቱ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ተጎራብተናል፤ ከማዘዛቸው በፊት ሲጠይቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ርዕሰ መምህርቷ አታውቅም። እንግዲያው ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠርሙስና ሳሙና ይዘው እንደሚመጡ፣ እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይጨምር ነገሯት። እኔ ነገ ሥራ አለብኝ። ቢሆንም አስፈቅጃለሁ፤ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፣ ጠርሙሱንም ወገባቸው እስኪድን የምይዝላቸው እኔ ነኝ።