ዜና ምሳሑ ለአስማማው ዘቆላ ድባ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አብዮት በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ በባሕር ዳር ከተማ በኮሌጁ ምግብ አዳራሽ ጓድ ክንዱ በጭልፋ በነገሡበት፣ ምስር በሚገዛበትና ሥጋ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ብቅ ብሎ በሚሰወርበት ዘመን፣ ለአስማማው ወልደ ፀሐይወርቅ የኮሌጅ ዓመት አንድ ተብሎ ተቆጠረላቸው። ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ፤ እንግዲህ ዜናቸውን እንጻፍ።

እኒህ አስማማው፣ ባለ አዲስ ጫማው፣ የሒሳቡ አንበሳ፣ ከቆላ ድባ ተነሥተው፣ ከጎርጎራ በጀልባ ተሳፍረው፣ ጣናን ተሻግረው (በውኃው ላይ ሆዳቸው ያደረገውን ታሪክ አይጽፈውም)፣ የእንጨት ሳጥናቸውን በትከሻቸው አድርገው ከተማይቱን ያዙ። በመሸኛቸው ዕለት ሙክት ታርዶ፣ አገሩ ተሰብስቦ ሳለ፣ እናታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «አደራህን ልጄ፣ ሰው ባጠገብህ ሲያልፍ እንብላ ሳትል እንዳትጎርስ! ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።»

በቆላ ድባ ሥርዓት እንብላ ያለው ይበላል፣ እንብላ የተባለውም «ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይሄዳል፤ ከአባቶች ጀምሮ በዚህ ነገር የተጎዳ ሰው የለም። ኮሌጁ ግን ቆላ ድባ አልነበረም።

ወእምዝ፣ አስማማው በመጀመሪያው ምሳ ሳህናቸውን ተቀብለው፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ፣ የሦስተኛ ዓመቱ አንዳርጋቸው፣ የውይይት ክበብ ሊቀ መንበር፣ ሃይማኖትን ሽሮ ቁስ አካልን ያነገሠው፣ ከነሠራዊቱ መጣ። ከእርሱም ጋር ጣቱ ከዓይኑ የሚቀድመው ቢያዝን የተባለው፣ ድቁናውን ትቶ ጾሙን ረስቶ ማዕድ መባረክን ብቻ ያልረሳው ወልደ ሐዋርያት፣ ስማቸውን መጻፍ ቀለም ማባከን የሆነባቸው ሌሎችም ነበሩ። አስማማውም እንደ ሥርዓቱ ከወገባቸው ብድግ ብለው እንብላ አሉ። ሠራዊቱም ተቀመጠና በላ። ከዚያም በሳህኑ ላይ የሚታጠብ እንኳ ሳያስተርፍ ተነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳልስቱም። አንዳርጋቸውም ወንበር ላይ ወጥቶ አወጀ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በበሩ አጠገብ የአምራቾች ማኅበር ተቋቁሟል። አምራቹ አስማማው ነው፣ ማኅበሩ እኛ ነን!» ፈረስ ለሌላቸውም ለአስማማው አባ እንብላ የሚል የፈረስ ስም አወጡላቸው።

ጀግናው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቢቀመጡ፣ ከኋላቸው ኮቴ በሰሙ ጊዜ ዞረው እንብላ አሉ። አፋቸውን ሞልተው ዝም ሊሉ ቢሞክሩ፣ እጃቸው ከዳቸውና ሳህኑን ጠቆመ። ሱሪያቸውም በሲባጎ ታሠረ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ክብ በሣሉ ቁጥር እሳቸው እንጀራ አዩ፤ በሒሳቡ አንበሳ ሆድ ውስጥም እውነተኛ አንበሳ ያገሣ ጀመር፣ የክፍሉም ሰው ሳቀ።

ስለዚህ ሳጥናቸውን በገመድ አሠሩ። ወደ ጎርጎራ በምትመለሰው ጀልባ ሊሄዱ፣ ትምህርቱን ሊተዉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የበላውን ሙክት በከንቱ የታረደ ሊያደርጉት ቆረጡ። ለእናታቸው ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር፤ ይህንንም ባሰቡ ጊዜ እጅግ አፈሩ። ነገር ግን ዕለቱ ሐሙስ ነበርና፣ ሥጋ ሳይቀምሱ መሸሽን ክብራቸው አልፈቀደላቸውም።

በሐሙስ ቀን ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለሙስሊም፤ ሁሉም ከየወገኑ እርድ ይበላልና። ይህን ሥርዓት አብዮቱም አልነካውም። ጓድ ክንዱ ከክርስቲያኑ ድስት ለአስማማው ጨለፉላቸው። አዳራሹ ግን ሞልቶ ነበርና፣ በመጨረሻው ጥግ፣ ሐይቁ በሚታይበት መስኮት ሥር፣ ከጀላሉዲን ፊት ለፊት ካለው ቦታ በቀር መቀመጫ አልተገኘም። እኒህ ጀላሉዲን የወረታው የጨው ነጋዴ ልጅ፣ እንደ እሳቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ዝምታን የሚያበዙ ሰው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ አንዳርጋቸው ከነሠራዊቱ ደረሰ። አስማማው፣ ሞት አይቀርምና፣ እንብላ አሉ። የአንዳርጋቸው እጅ ወረደ፤ ወርዶም በመንገድ ቆመ። ወጡን አየ፣ ጀላሉዲንን አየ፣ እንደገና ወጡን አየ። ሁለቱም ሳህን ቀይ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት በክበቡ ፊት «እምነት ማለት የአላዋቂ ምርኩዝ ነው!» ብሎ የደነፋው ያ የቁስ አካል አርበኛ፣ ቁሱ በሳህን ቀርቦለት ሳለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አወጀ፦ «ይባረክ! ጠግበናል!» ቢያዝን ጣቱን ሰበሰበ፤ ወልደ ሐዋርያትም በጃኬቱ ውስጥ አማተበ። ሠራዊቱ ፈረሰ፣ እስከ በሩም ድረስ ዞሮ ያየ አልነበረም።

ሥጋው ከየትኛው ድስት እንደ ተጨለፈ ማንም አልጠየቀም፤ አስማማውም ያልተጠየቁትን አልመለሱም። ጀላሉዲን ሁሉን አይተው ነበርና፣ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያም እናታቸው ወይዘሮ ሸሪፋ የላኩላቸውን ድልህ በቆርቆሮው አውጥተው፣ ከሁለቱ ሳህኖች መካከል አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሥጋው ለየራሳችን ይሁን፤ ድልሁ ግን የጋራ ነው። እንብላ!»

አስማማው ይህን ቃል ለአዳራሹ ሁሉ ሲሰጡ እንጂ ከማንም ሲቀበሉ አልነበረምና፣ አፋቸው ይባረክ ሊል ተከፍቶ ሳለ እንባ ቀደማቸው። ድልሁ አቃጥሏቸው ነው የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ ገና አልቀመሱትም ነበር።

በልተውም ጠገቡ፤ ሳጥኑም ተፈታ። ሰላም ለእጃቸው፣ ሳይቀማ ላጎረሳቸው፤ ሰላም ለሆዳቸው፣ ግሣቱ ለቆመው፤ ሰላም ለጀላሉዲንም፣ ለወረታው ጋሻ። እኔ ዜና ጸሐፊው ይህን ጻፍሁ፦ ሌሎች አገር አቀኑ፤ አስማማው ግን አንድ ሳህን አቀኑ፣ አቅንተውም ለብቻቸው አልበሉም።