ከትራስ ሥር የተገኘ ዳቦ

(የተመራቂዎች ሃያኛ ዓመት መሰባሰቢያ። ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። በተማሪነቱ «ሊቁ» የተባለው የቢሮ ኃላፊ መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን ያስራል፤ ከአፍታ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል። የዶርም ጓደኛው «ፈዜ»፣ አሁን የእንስሳት ሐኪም፣ የንግግሩን ወረቀት ይዞ ያነባል።)

ሊቁ፦ በቁመቱ ነው የተቆረጠው አልኩህ!

ፈዜ፦ በወርዱ ነው።

ሊቁ፦ የበላሁት እኔ፣ የምትከራከረው አንተ! ሁለተኛ ዓመት ሙሉ ከክፍል ስመለስ ከትራሴ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አገኝ ነበር። በቁመቱ የተቆረጠ!

ፈዜ፦ በቁመቱ ቢሆን ማርማላታው አንሶላህ ላይ ይፈስ ነበር።

ሊቁ፦ ይኸው! ሰው ስለ ፍቅር ሲያወራ አንተ ስለ ማርማላታ።

ፈዜ፦ የምን ፍቅር?

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዳቦውን የምታስቀምጥልኝ የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ነበረች። ያቺ መጽሐፍ ስመልስ «ዘግይተሃል» የምትለኝ።

ፈዜ፦ ዘግይተህ ነበራ።

ሊቁ፦ አባባሏን ነው እንጂ! «ዘ...ግይተሃል»። ናፍቄያት እኮ ነው።

ፈዜ፦ ሴት ልጅ የወንዶች ዶርም እንዴት ትገባለች?

ሊቁ፦ ፍቅር በር ላይ መታወቂያ አይጠየቅም! ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠርቼ አመሰግናታለሁ። ያቻትና፣ ፊት ወንበር ላይ።

ፈዜ፦ (በበሩ ስንጥቅ እያየ) አጠገቧ ያለው ደንዳና ሰውዬስ?

ሊቁ፦ ወንድሟ ይሆናል።

ፈዜ፦ ሦስቱ ልጆች «አባዬ» ይሉታል።

ሊቁ፦ አጎቱን «አባዬ» የሚል ልጅ ሞልቷል!

ፈዜ፦ (ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ) ይኼን አታነበውም። ዳቦውን የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ።

ሊቁ፦ (እየሳቀ) አንተ? ለማን ብለህ?

ፈዜ፦ ለአይጧ።

ሊቁ፦ ለየትኛዋ አይጥ?

ፈዜ፦ ካንተ አልጋ በኩል «ጉርርር፣ ኩርርር» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። አይጥ ራባት ብዬ አሳዘነችኝ።

ሊቁ፦ የኔ ሆድ ነዋ!

ፈዜ፦ አንተማ «ምግብ አእምሮ ያደነዝዛል፣ በራሴ ላይ ምርምር ይዣለሁ» ብለህ ሰብከኸናል።

ሊቁ፦ የምግብ ካርዴ ጠፍቶብኝ ነበር! ያን ሁሉ ስብከት ሰብኬ «ራበኝ» ልበል? (በድንገት ቀና ብሎ) ቆይ፣ ቆይ! በመጠቅለያው ላይ ጽፌ ከትራሴ ሥር የምተወውስ? «የኔ ውድ፣ እጅሽ ይባረክ» እያልኩ?

ፈዜ፦ አንብቤዋለሁ።

ሊቁ፦ አይጧ የጻፈችው መሰለህ?

ፈዜ፦ ዩኒቨርሲቲ ነዋ! ስንት ዓመት መጽሐፍ ስትበላ የኖረች አይጥ ብትጽፍ ምን ይደንቃል?

ሊቁ፦ «ማርማላታ ጨምሪበት» ስልስ?

ፈዜ፦ ጨመርኩ።

ሊቁ፦ «ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ላግኝሽ» ስልስ?

ፈዜ፦ መጣሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ ስጠብቅ አንተም ቆመሃል። «ምን ትጠብቃለህ?» ብልህ «ሰው» አልከኝ። እኔ «አይጥ» ማለት አፍሬ ወደ ዶርም ተመለስኩ።

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ) ወይ ጉድ! አንተን ብሎ የእንስሳት ሐኪም! አይጥና ሰው መለየት ያቃተህ ቂል! ደግሞስ ለአንድ ሰው አንድ ዳቦ ነበር የሚታደለው፤ ትርፉን ከየት ታመጣ ነበር?

ፈዜ፦ ከዳቦ አዳይዋ እትዬ። «ጓደኛዬ ርቦት ነው» ስላት ግማሽ ትጨምርልኝ ነበር።

ሊቁ፦ «አይጥ ርቧት ነው» አላልካትም?

ፈዜ፦ ለአይጥ ማን ዳቦ ይሰጣል?

(ሊቁ ቀና ብሎ ፈዜን ትኩር ብሎ አየው።)

ሊቁ፦ የራበኝ እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር።

ፈዜ፦ (ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ) አውቅ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?

ፈዜ፦ ብነግርህ ትበላው ነበር?

(ከአዳራሹ የሊቁ ስም ተጠራ፤ ጭብጨባ ተሰማ። ሊቁ ዓይኑን በከረባቱ ጫፍ ጠርጎ ተነሣ።)

ሊቁ፦ ወረቀቱን አምጣ። እዚያው ላይ አስተካክዬ እውነተኛዋን... እውነተኛውን አመሰግናለሁ።

ፈዜ፦ (ወረቀቱን እየሰጠው) ስሜን እንዳትጠራ ብቻ። ንግግሩ «የኔ ውድ» ብሎ ይጀምራል፤ ባለቤቴም እዚያ ተቀምጣለች።