መኪና ሥር የተባለ «እሺ»

ሰው ሁሉ «እሺ» የሚልበት የራሱ ሰዓት አለው። አንዱ ምሳ በልቶ ሲጠግብ ነው፣ አንዱ ኳስ እያየ፣ አንዱ ደግሞ እንግዳ ፊት ሲጠየቅ። የእናንተን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ባታውቁት እንኳ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው በደንብ ያውቀዋል። የጎረቤቴ የጋሽ ሸምሱ «እሺ» ግን ሰዓት ብቻ ሳይሆን አድራሻም ነበረው። መኪና ሥር።

ጋሽ ሸምሱ አንዋር መስጊድ አጠገብ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሸጣሉ። እኔ ከጎናቸው ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎት» የምላቸው እዚሁ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ነው። ከሱቃቸው ጀርባ ሰፊ መጋዘን አላቸው። መርካቶ ውስጥ መጋዘን ያለው ሰው ከወለል እስከ ጣሪያ ዕቃ ይከምርበታል፤ እሳቸው ግን አንድ ግዙፍ፣ ሰማያዊ፣ አሮጌ የአሜሪካ መኪና አቁመውበታል። ርዝመቱ ከእኔ ሱቅ ይበልጣል። ከኋላው ሁለት ክንፍ አለው፤ ለምን እንደተሠራለት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጤነኛ ነጋዴ እንዲህ ያደርጋል ወይ ትሉ ይሆናል። ነገሩ የፍቅር ነው። መኪናው ድሮ የአጎታቸው ነበር። የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነባን ከቡታጅራ ሙሽራ አድርገው ያመጧቸው በዚሁ መኪና ነው። ያመጧቸው ስል እስከ መንገዱ እኩሌታ ነው። ጢያን አለፍ እንዳለ መኪናው ጭሱን ለቀቀና ቀጥ አለ። ሙሽሪት ከነቬላቸው ጤፍ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው መጡና እህል በረንዳ ወረዱ። በሠርጋቸው ዕለት ከጆንያ ጋር የተራገፉ ሙሽራ ከእሳቸው ሌላ መኖሩን እንጃ!

እትዬ ዘይነባ ይህን ረስተውታል፣ ወይም የረሱት ይመስሉ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ግን እንደ እዳ ይዘውት ኖሩ። አጎትየው ሲሞቱ መኪናውን ወረሱና «ዘይነባን በዚሁ መኪና ሳላደርሳት አልሞትም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። በየቀኑ ከአስር ሶላት መልስ ቱታቸውን ያጠልቁና መኪናው ሥር ይገባሉ። የጎደለውን አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ምናለሽ ተራ ያሟላል። የፊት መብራቱ ክፈፍ ከድስት ክዳን ተቀጥቅጦ ወጣ፤ ፓራውልቱ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ብረት ተጠፍጥፎና ተወልውሎ ተገጠመ፤ የካምቢዮው ጥርስ በአንድ ሽማግሌ እጅ በሞረድ ተቀረጸ። አሁን ግማሹን አሜሪካ፣ ግማሹን መርካቶ ሠርቶታል ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንዴ ከገቡ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ምንም ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው። «እሺ፣ እሺ!» ሰፈሩ ይህን ደርሶበታል። መሰላል የሚዋስ፣ ሱቁን ጠብቁልኝ የሚል፣ ሁሉም ጫማቸው ዘንድ ቁጢጥ ይላል። አልዋሽም፣ እኔም በጋራ ግድግዳችን ላይ መደርደሪያ የመታሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ከዕለታት በአንዱ ረቡዕ ሞተሩ ተነሳ።

ግድግዳዬ ሲንቀጠቀጥ ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። መጋዘኑ ሰው በሰው ሆነ። እትዬ ዘይነባ የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እየሳቁ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጋሽ ሸምሱ መሪውን ጨብጠው ክላክሱን አስጮኹትና «በሉ በሩን ክፈቱልኝ!» አሉ።

ሰው ሁሉ በር ፍለጋ ዞር ዞር አለ። የምን በር?

መኪናው የገባበት ትልቁ በር በጀርባ መንገድ በኩል ነበር። አሁን ግን እዚያ ላይ የወርቅነህ የክርና የዚፕ ሱቅ አለ። በብሎኬት ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ። መርካቶ ውስጥ የማይከፈት በር ዝም ብሎ አይቆምም፤ የሚከራየው ሰው ይመጣለታል። ጋሽ ሸምሱ በሱቃቸው ውስጥ ባለችው ጠባብ በር ስለሚመላለሱ ግድግዳውን ከመጤፍ አልቆጠሩትም። ዓይናቸው መኪናው ላይ ነው። እኛስ ብትሉ፣ እኛም ከወርቅነህ ዚፕ እየገዛን አላሰብነውም።

«ማነው እዚህ ጋ ግንብ ያቆመው?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«እኔ ነኝ ያከራየሁት» አሉ እትዬ ዘይነባ ከኋላ ወንበር። «ጠይቄህ እሺ ብለኸኛል እኮ።»

«የት ሆኜ?»

«ሥሩ ሆነህ። ደግሞስ ተነስቶ ይወጣል ብዬ መች አሰብኩ!» አሉ።

ይቺኛዋ ከግንቡም የከፋች ነበረች። ጋሽ ሸምሱ ሞተሩን አጠፉ። ወርቅነህ ፊቱ አመድ መስሎ መጣና «ጋሼ፣ ላፍርሰው። ቦታው የእርስዎ ነው» አላቸው። ጋሽ ሸምሱ ግንቡንም ወርቅነህንም አዩና «የሰው እንጀራ ላይ መኪና አልነዳም» አሉ። በዚያች ቀን ምን ያህል እንደወደድኳቸው አልነገርኳቸውም።

መኪናውን ፈታትተው በሱቁ ጠባብ በር ቁራጭ በቁራጭ ሊያወጡትና ውጭ ሊገጥሙት ወሰኑ። በማግስቱ ተመልሰው ሥሩ ገቡ። ሐዘን ላይ ናቸው ብዬ ስጠጋ ያንጎራጉራሉ!

የከፋቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የተናገሩት ቃል ቆጭቷቸዋል። ዓርብ ዕለት ጫማቸው ዘንድ ቁጢጥ ሲሉ በግድግዳው ሰማኋቸው።

«ሸምሱ፣ ነገ በአውቶቡስ ቡታጅራ ደርሰን እንምጣ?»

«እሺ፣ እሺ!»

ቃል ነውና ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ ግን ባዶ እጃቸውን አልተሳፈሩም፤ የፈቱትን መሪ ታቅፈዋል፤ ቡታጅራ ቆዳ የሚያለብስላቸው ዘመድ አላቸው። የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሲመለሱ መሪው አዲስ ቆዳ ለብሶ ጭናቸው ላይ ነው። ጢያ አካባቢ፣ ያ መኪና የቆመበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እትዬ ዘይነባ ክንዳቸውን ነካ አደረጉና «ከዚህ ጀምረህ አድርሰኝ» አሏቸው።

ጋሽ ሸምሱ ነዱ። ጥምዝምዙ ላይ መሪያቸውን ያዞራሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባዶ ወለል ይረግጣሉ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ነገሩን ከእትዬ ዘይነባ ሲሰማ ግን ከኋላ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። አውቶቡስ ተራ ሲገቡ እትዬ ዘይነባ «ደረስኩ» አሉ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የእኔም፣ ምን እደብቃለሁ።

መኪናው አሁንም መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ በሮቹና መሪው ብቻ ወጥተዋል። ሰኞ ዕለት ገብቼ ጫማቸው ዘንድ ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይህችን ነገር ልጻፋት?»

«እሺ፣ እሺ!»